ወሩ ይውጣና

ጅማ ሰውን በማስቀመጥ ስም ያወጣች ከተማ ናት። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ስንቱን የአዲስ አበባ ሳሎን አስጊጧል። ከዚህ የሚመለስ እንግዳ ማር ወይ ቡና ወይ በርጩማ ካልያዘ ጅማ መድረሱን ማን ያምነዋል? እኔ ደግሞ በዚህችው ከተማ ላይ የማይቀመጥ ልጅ ወለድኩ።

ቤታችን በርጩማ አልጠፋም። ልጁ ግን በርጩማን የሚያውቀው በሌላ ሙያው ነው። ሲገለበጥ መኪና ይሆናል፤ ሲደረደር ድልድይ ይሆናል፤ ሲቆሙበት ስኳሩ ጋ ያደርሳል። ከዚህ ሁሉ አገልግሎት መካከል መቀመጥ የሚባለውን ገና አልደረሰበትም።

አራት ዓመቱ ነው። የዚህ የጊቤ አገር ነገሥታት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አባ ጅፋር፣ አባ ጎሞል፣ አባ ጆቢር እየተባሉ። እኔም ወጉን ተከትዬ ልጁን «አባ ብርር» አልኩት። ልዩነቱ ነገሥታቱ ፈረስ ነበራቸው፤ የኛው ፈረሱም ጋላቢውም ራሱ ነው።

እህቱ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷስ ትቀመጣለች። ጣጣው ተቀምጣ የምትናገረው ነው። የተወለደችው በ2010 ዓ.ም.፣ ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባ በመጀመሪያው ዓመቱ ዋንጫውን ባነሳበት ሰሞን ነው። ከተማው ሁሉ በጩኸትና በባጃጅ ክላክስ ሲናወጥ ዓይኗን ስለገለጠች፣ ሰው የሚባል ፍጡር የሚግባባው እንደዚያ ነው ብላ ያሰበች ይመስለኛል። እንግዲህ ፈጣሪ አንዱን በእግር፣ አንዷን በአፍ አድሎ ላከልን፤ እኔንና ባለቤቴን ደግሞ ሁለቱንም እንድንጠብቅ አንድ አንድ ወገብ ብቻ ሰጠን።

የባለቤቴ እናት ከጎማ ወረዳ መጥተው እኛ ጋ ሲሰነብቱ ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። ልጆቹ በኦሮምኛው «አኮ» ይሏቸዋል። ቡና ፈላ ማለት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ቢሉት እንኳን ከአንድ ሰዓት አያንስም። አሁን አንድ ነገር ላስገባ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሕፃናት እንቅስቃሴ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ሦስትና አራት ዓመት የሞላው ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 60ው ጠንከር ያለ መሆን አለበት ይላል። ይህን ሳነብ ልቤ በኩራት ሞላ፤ አባ ብርር 180ውን ከቁርስ በፊት ነው የሚጨርሰው። መመሪያው ቀጥሎ ልጅ ባንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ተገድቦ እንዳይቆይ ያስጠነቅቃል። በዚህ ስሌት ከሄድን፣ በረካ እስኪደርስ ልጅን ጥግ አስይዞ ማስቀመጥ ዓለም አቀፍ ደንብ መጣስ ነው። ይህን ለአኮ ባስረዳቸው፣ «ታዲያ ያ ድርጅት መጥቶ ከሰሉ ላይ እንዳይወድቅ ይያዝልን» አሉኝ።

እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ከሰል የያዘ ምድጃ፣ የፈላ ጀበና፣ በረከቦት የተደረደረ ሲኒ፣ ከሥር ቄጠማ፣ ከላይ ዕጣን፤ በዚህ መሃል ክንዱን ዘርግቶ «አውሮፕላን ነኝ» የሚል ልጅ። ቡናችንን የምንጠጣው በአንድ ዓይናችን ነው።

አንድ ቀን አውሮፕላኑ ረከቦቱ አጠገብ አርፎ እጁን ወደ አኮ ሲኒ ሰደደ። «ተው!» አሉት። «ቡና የጠጣ ልጅ ጭራ ያበቅላል።» ዛቻው አሮጌ ነው፤ እኔንም አስፈራርቶ ያሳደገኝ ነው። ልጁ እጁን ሰበሰበና ዞር ብሎ ኋላውን ፈተሸ። እህቱ ግን ከተቀመጠችበት ሆና፣ «አኮ፣ አንቺ በየቀኑ ትጠጪ የለ? እስቲ ተነሺና አሳዪን» አለቻቸው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጎረቤቶቻችን ሲኒያቸውን እንደያዙ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ። እኔ «አንቺ!» ብዬ ተነሳሁ፤ «እርስዎ» ብላ ብትጠይቅ ጭራው የሚገኝ ይመስል። ባለቤቴ ጣቶቿን ለቁንጥጫ አዘጋጀች። አኮ ግን ቡናቸውን ፉት ብለው፣ ሲኒያቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና፣ «ነበረኝ። ሐሙስ ገበያ አውጥቼ ሸጥኩት» አሉ።

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ፈልገን ያላገኘነው ዝምታ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጣ። ብዙ አልቆየም፤ ትንሽ አሰበችና «በስንት?» አለች። ከዚያ በኋላ የቀረው ቡና የጭራ ዋጋ በመከራከር አለቀ። የተቆጣም የተቆነጠጠም አልነበረም፤ አባ ብርር እንኳን ነገሩ ጣፍጦት ቶና እስኪቀዳ አኮ ጭን ላይ ተቀምጦ ነበር።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባወራው «አበላሻችኋት!» አለኝ። በኛ ዘመን ልጅ ለትልቅ ሰው አፍ አይመልስም ነበር የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ ወዳጄም የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ይቅርታ ያድርግልኝና አብረን ነው ያደግነው። ይመልስ ነበር፤ ከአጥር ጀርባ ነበር እንጂ። በአርጩሜ የተገረፍን፣ በበርበሬ ጭስ የታጠንን ትውልድ ነን። ያ ሁሉ ጭስ ያስተማረን ነገር ቢኖር በፊት ለፊት «እሺ ጋሼ» ብሎ፣ ዞር ሲሉ የጋሼን አረማመድ እየቀዱ ሰፈሩን ማሳቅ ነው። እኔ በበኩሌ መልሱን በፊቴ ብሰማው ይሻለኛል፤ ቢያንስ የትኛው አረማመዴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ።

የእናቶቻችን ሌላው መሣሪያ ዓይን ነበር። እንግድነት ሄደን ዳቦ ሲቀርብ እናት ከወዲያ ማዶ አንድ ጊዜ ካየችን በቂ ነው። «ሁለተኛውን እንዳትነካ»፣ «አመስግን»፣ «ቤት እንገናኛለን» የሚለው ሁሉ በዚያ እይታ ውስጥ አለ። እኛም ምራቃችንን ውጠን «ጠግቤያለሁ» እንላለን። ባለቤቴ ይህን ውርስ ይዛ ነው የተዳረችው። ባለፈው ለእንኳን ማርያም ማረችሽ ጥየቃ ሄደን ልጅቷ ሦስተኛ ቁራሽ ዳቦ ስታነሳ፣ ባለቤቴ ያችን የታወቀች ዓይን ላከችባት። ልጅቷ እይታውን ተቀበለች፣ መረመረችው፣ ከዚያም ባለቤቶቹ እየሰሙ፣ «እማዬ፣ በቃሽ እያልሽኝ ነው ወይስ ጨምሪ?» አለች። ሚስጥራዊው የእናቶች ቴሌግራም እዚያው ቤት ውስጥ በይፋ ተነበበ። አራስ ጥየቃው ዳቦ እየተጨመረላት አለቀ።

ጎረቤት ለቡና መጥራትም የእሷ ሥራ ነው። ለኦሮምኛ ተናጋሪው ደጅ ላይ «ኮታ ቡና ዹጋ!» ትላለች፤ ቀጥሎ ያለው በር ላይ በአማርኛ ትደግመዋለች። (በአንዱ ቋንቋ ስንቆጣት በሌላው የምትመልሰው ከዚህ ልምዷ የተነሳ ነው።) ጥሪው ላይ ግን ከራሷ የምትጨምረው አይጠፋም። ስኳር በጠፋበት ሰሞን ሰፈሩን ዞራ፣ «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች። ስኳር ግን አልቋል፤ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ» ብላ ኖሯል። ጎረቤት ሁሉ በላስቲክ፣ በኩባያ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ስኳር ይዞ ገባ። ባለቤቴ በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ስኳሩ ግን ብዙ ቆየልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የምንኖረው ቆጪ ሰፈር ተከራይተን ነው። አከራያችን ደግ ሴት ናቸው፤ ቀን ግን አይረሱም። በር ላይ ቆመው ሲያንኳኩ ወጣ ብዬ፣ እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ «ትንሽ ይታገሱኝ እትዬ፤ ወሩ ይውጣና» እላለሁ። ይህን የምለው በጣም ባማረ ዜማ ነው፤ ለዓመታት የዳበረ ነው። አንድ ማታ ልጅቷን «የቤት ሥራሽን ሠራሽ?» ብላት፣ እጇን አጣመረች፣ አንገቷን ሰበር አደረገች፤ «ትንሽ ታገሰኝ አባዬ፤ ወሩ ይውጣና» አለችኝ።

ዜማው ሳይቀር የኔ ነው። ከየት አመጣሽው ብዬ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትመልሳቸውን መልሶች እያዳመጥኩ ባለቤታቸውን መፈለግ ያዝኩ። ልብስሽን አጣጥፊ ስትባል «አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ» ትላለች፤ ይህ ስልክ የማነሳበት አነጋገር ነው። ስትጠራ «ኔትወርክ የለም፤ አይሰማኝም» ትላለች፤ ይህ የእናቷ ነው፣ ለእኅቷ የምትለው። ወንድሟን ስታስጠነቅቀው «ዛሬ ነገሬ ብዙ ነው፤ አትድረስብኝ» የምትለው የአኮ ነው። አባ ብርርም አፉን እንደፈታ የጀመረው አለው፤ ሩጫህን አቁም ሲሉት «ባጃጅ ነኝ፤ ፍሬን እምቢ ብሏል» ይላል። ሰፈራችን ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ይህን ቃል ከማን እንደሰማው ግልጽ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዲት እንኳን ራሷ የፈጠረቻት ስድ መልስ ብፈልግ አጣሁ። ሁሉም የቤታችን ማኅተም ያረፈበት ነው። ያስቆጣን የነበረው ቃሉ አይደለም፤ ከትንሽ ቁመት ላይ መስማታችን ነው።

ደግሞስ እኛ መልስ የምንጠላ ሕዝብ ነን? አለቃ ገብረሃና ከሞቱ መቶ ዓመት አልፏል፤ ዛሬም ቡና ላይ ተቀምጠን የምናወራው ለንጉሥ ምን እንደመለሱ፣ ለንግሥት ምን እንደተረቡ ነው። ስቀን ስቀን እንባችንን እየጠረግን፣ ከጎናችን ያለ ልጅ የገብረሃናን እሩብ ያህል ሲመልስ ጆሮውን እንይዛለን። ጥምጣም የሌለው ሰው ቀልድ አይፈቀድለትም መሰለኝ።

እንቆቅልሽንም ያመጣነው እኛው ነን። ልጅ ቶሎ እንዲመልስ ለማሠልጠን የተሠራ ጨዋታ እኮ ነው። እኔም አስቀምጣቸዋለሁ ብዬ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ጀምሬ ነበር። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» እየተባባልን ሄደን አንዱ አልፈታላት አለ። «እንግዲህ አገር ስጪኝ» አልኳት። «አልሰጥም» አለች። ሕጉ ነው ብላት፣ «ጅማን ሰጥቼህ የት ልንኖር ነው?» አለች። ጅማ ይቅር፣ አዲስ አበባን ስጪኝ አልኩ። ትንሽ አሰበችና፣ «አዲስ አበባን ውሰድ። ኪራዩን ግን ራስህ ትከፍላለህ» አለች። ስንት ዘመን ሲነገር በኖረው ጨዋታ አገር ተሰጥቶት የከሰረ እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤትም ሌላ ስንቅ ይጨምርላታል። አንድ ቀን መጥታ ልጅን መምታት ክልክል ነው አለችኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል፤ ስለዚህ ይህን ያስተማረቻት መምህሯ እውነቷን ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ጉዳይ ሕጉ በዚያ አንቀጽ አልነካውም ብዬ ልከራከር አሰብኩና፣ ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር የሕግ ክርክር የሚገጥም አባት ከወዲሁ ተሸንፏል ብዬ ተውኩት። «መብቱንስ ተማርሽ፤ ግዴታውስ?» አልኳት። «ግዴታው ያለበት ገጽ ላይ ገና አልደረስንም።»

ታሪክ ይረዳኝ እንደሆነ ብዬ ጅሬን ወሰድኳቸው፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያዩ። ኮረብታው ላይ ያለው ሰፊው የእንጨት ሰገነት ለአባ ብርር ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ከዳር ዳር ሲሮጥ ሳንቃው ከበሮ ሆነ። እኔ ልጅቷን ይዤ ወደ ቁም ነገሬ ገባሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ሲነግሡ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ያህል ወጣት ነበሩ። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ብልህ ሴት ነበሩ። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘረጋ፣ ጦርነቱ ይቅር፣ ግብር ክፈልና አገርህን ጠብቅ ብለው መከሩ፤ ልጅየውም የእናታቸውን ምክር ሰሙ። በዙሪያው የተዋጉት ሲፈርሱ፣ ጅማ ግብሯን እየከፈለች እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ በራሷ ንጉሥ ቆየች። «አየሽ? እናቱን የሰማ ልጅ መንግሥቱን ያቆያል» አልኩና በራሴ አነጋገር ረካሁ።

ልጅቷ ከሰገነቱ ላይ ከተማውን ቁልቁል እያየች ዝም አለች። ገባት ብዬ ተደሰትኩ። «አባዬ፣ እሳቸው እናታቸውን ሲሰሙ ንጉሥ ነበሩ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔንም መጀመሪያ አንግሡኝ። ከዚያ እሰማለሁ።»

ከጀርባችን አባ ብርር በፈረሱ ላይ ሆኖ አለፈ።

በቡና ለቀማ ወቅት የባለቤቴ ወንድም ጋ፣ ጎማ፣ መሄድ ልማዳችን ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከጅማ አጋሮ ያለው መንገድ በሙሉ ቡና ቡና ይሸታል፤ በየደጁ እሸቱ ተሰጥቶ ይታያል። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ልጅ አጭር ነው። ከጅማ ሚኒባስ ይዘን ገና የቡ ሳንደርስ አባ ብርር «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ ዳር ያዘ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ማነው ወራጅ?» አለ። የሚወርድ የለም። ተጓዝን። «ወራጅ አለ!» ቆምን። በአራት ዓመቱ፣ አንድ ቃል ሲናገር የሚቆም መኪና ያገኘ ሰው ደስታውን መገመት ነው። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጮኾ ማንንም አቁሞ አያውቅም። ሦስተኛው ላይ አንድ አዛውንት «በቃ ልጁ ይውረድ!» አሉ። ባለቤቴ ያችን ዓይኗን ላከች፤ አልደረሰችም። እኔ አፉን ልይዝ ስል ረዳቱ፣ ሃያ ዓመት እንኳን የሚሞላው አይመስልም፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ስማ ጎበዝ፣ ከአሁን ጀምሮ ረዳት አንተ ነህ። ሰው መውረድ ሲፈልግ አይተህ ትነግረኛለህ። ከተሳሳትክ ሾፌሩ ያባርርሃል» አለው።

ልጁ ተለወጠ። በሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ፊት መመርመር ያዘ። አንዱ ትንሽ ከተነቃነቀ «ትወርዳለህ?» ይለዋል። «አልወርድም።» «እሺ፤ ግን ንገረኝ።» እኒያን አዛውንት ሳይሰለች ጠየቃቸው፤ በመጨረሻ ከነገሩ ለመገላገል ይሁን አላውቅም ካሰቡት ቦታ ቀድመው የወረዱ መሰለኝ። አጋሮ እስክንደርስ አንድም የውሸት ወራጅ አልተሰማም።

ጎማ ደግሞ ጮጬ የሚባለው ቦታ ያለበት አገር ነው። ቡና የተገኘው እዚህ ነው፤ የቦንጋ ሰው ይህን ካነበበ ይጣላኛል፤ እነሱ ከፋ ውስጥ ማኪራ ነው ይላሉ። እኔ የአማቼን ቡና እየጠጣሁ ከጮጬ ሌላ ልል አልችልም። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚህ በኩል ካሊድ፣ በሌላው ዓለም ካልዲ የሚሉት እረኛ፣ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ አየ። ነገሩ አፈ ታሪክ ነው። ስለሚፈነጥዙ እንስሳትና ስለ ቡና በአውሮፓ መጀመሪያ የጻፈው ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል ሊቅ ነው፤ ሮም ውስጥ፣ በ1671። የእረኛው ስም የተጨመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ቢሆንም እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ማታ ላይ ደክሞት ፍየሎቹን ወደ በረት የሚነዳ ሰው፣ መንጋው በአንድ ጊዜ ሲያብድበት መጀመሪያ የሚያነሳው ዱላ ነው። ይህ ሰው ዱላውን ቢያነሳ ኖሮ አጋሮም፣ ሊሙም፣ ጌራም ምን ሸጠው እንደሚበሉ አስቡት። እሱ ግን ምን በልተው ነው ብሎ ተከተላቸው። ዓለም የፍየሎቹን ጭፈራ እስከ ዛሬ ያወራል፤ የእረኛውን ትዕግሥት ያመሰገነ የለም።

ይህን ተራቅቄ ለልጅቷ ስነግራት፣ «እና አባዬ፣ አባ ብርር ምን በልቶ ነው?» አለችኝ። ይህንንም ጠይቄያለሁ። ሐኪም ጭምር። በየትኛውም ቦታ፣ በጨዋታም በትምህርትም፣ ለአፍታ ማተኮር ያቃተው ልጅ ሲኖር መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኛውን ያየችው ሐኪም ግን ስለ ቤታችን ስፋት ጠየቀችኝ። ሁለት ክፍል ነው አልኳት። «ግቢውስ?» የአከራያችን ጎመን ነው ያለበት። «በሉ ጎመን የሌለበት ቦታ ውሰዱት» አለችኝ።

የባለቤቴ ወንድም ጎመን የሌለበት ቦታ አለው። ልጆቹ «ኤሱማ» ይሉታል። ጊቢው ውስጥ ከእንጨትና ከሽቦ የተሠራ የቡና ማድረቂያ አልጋ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ ዶሮ፣ ከጎኑ ፍየል፣ ዙሪያው ደግሞ የጎረቤት ልጅ። አባ ብርር ከሚኒባሱ እንደወረደ ኤሱማ ቀጭን እንጨት ሰጥቶ፣ «አንተ የአልጋው ዘበኛ ነህ። ዶሮ አልጋው ላይ ከወጣች እኔና አንተ አንስማማም» አለው። ያ ቀን ለዶሮዎቹ ክፉ ቀን ነበር። አንዷ ከአልጋው በጣም ርቃ በሰላም ትነቁር የነበረች እንኳን፣ ለወደፊቱ ታስብ ይሆናል ተብላ ተባረረች። ልጁ ጀምበር እስክትጠልቅ ሮጦ እራት ሳይበላ እጁ ላይ እንጨቱን እንደያዘ ተኛ። ባለቤቴና እኔ በረካን በሁለት ዓይናችን ጠጣን።

ይህን ስል ቡና አገር ያለ ልጅ ሁሉ በደስታ ይሮጣል ማለቴ አይደለም። ለቀማ በደረሰ ቁጥር ከትምህርት ገበታ የሚቀር፣ ቀኑን ሙሉ ቅርጫት ተሸክሞ የሚውል ልጅ አለ፤ ያገር ሰው ያውቀዋል። የከተማ ልጅ ለሁለት ቀን ዶሮ ሲያባርር «ጉልበቱን አወጣ» ብሎ መደሰትና ከዚያ ልጅ ጉልበት መኖር አንድ አይደለም። ኤሱማም የራሱን ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ አልጋው ጋ አያስጠጋም።

በማግስቱ ልጅቷም ሥራ ፈለገች። ኤሱማ አልጋው ላይ ካለው ጀንፈል ውስጥ ቅጠልና ድንጋይ እንድትለቅም አስቀመጣት። እንዳልኩት መቀመጥ ትችላለች። ለቀመች፤ እየለቀመች ስለ ቡና ዋጋ ጠየቀች፣ ስለ ሚዛን ጠየቀች፣ ነጋዴው ለምን ራሱ መጥቶ እንደማይለቅም ጠየቀች፣ ኤሱማ ለምን ሚስት እንዳላገባ (አግብቷል፤ ሚስቱ ገበያ ሄዳ ነበር) ጠየቀች። ኤሱማ ለአንዱም አልተቆጣም፤ ቁጣ ሥራ ያስፈታል ብሎ የሚያስብ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲመልስ እጁ አይቆምም፣ የእሷም አይቆምም። ከሰዓት ላይ የለቀመችውን ድንጋይ በሰፌድ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና፣ «ኤሱማ፣ ይኼ ስንት ያወጣል?» አለች።

«ድንጋዩ ነው ልጄ?»

«ሥራው።»

ኤሱማ ወደኔ አየ፤ እኔ ወደ ቡናው ዛፍ አየሁ። ጢሙን አሻሸና፣ በጣም በጨዋ ዜማ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ትንሽ ታገሺኝ፤ ቡናው ይሸጥና» አላት።

ልጅቷ ሰፌዷን አነሳች። አልጋው ዙሪያ እየሮጠ ወደነበረው ወንድሟ ዞራ፣ «ና አንተ! ዶሮዎቹን ተዋቸው፤ ይኼኛውም ወሩ እስኪወጣ ነው!» አለች።